የግጭ ጸጥታ

ድንኳን በእኛ አገር ሰው የሚሰበሰብበት ነገር ነው። ሰርግ ሲሆን ይተከላል፤ ለቅሶ ሲሆንም ይተከላል። የዕድር ልጆች ብረቱንና ሸራውን ተሸክመው ወደ አንድ ግቢ ሲገቡ ሰፈሩ ማንም ሳይነግረው ነገሩ ይገባዋል። ሳይጠራ ሰርግ ገብቶ የሚበላውን ሰውዬ እንኳ «ድንኳን ሰባሪ» ብለን ነው የምንስቅበት። ስድቡ ራሱ ስለ ድንኳን ይነግረናል፦ ድንኳን ካለ ሰው አለ፣ ምግብ አለ፣ ጋባዥና ተጋባዥ አለ።

ካምፒንግ ይህን ነገር ገልብጦታል። ከአዲስ አበባ ወደ ወንጪ፣ ወደ ላንጋኖ፣ ወደ መናገሻ ሱባ የሚወጡ የሳምንት መጨረሻ ጉዞዎች በዝተዋል፤ ማስታወቂያቸውም ሁላችንም ስልክ ላይ ይደርሳል። ምስሉን ታውቁታላችሁ። አንዲት ቢጫ ድንኳን፣ ሐይቅ ወይም ገደል፣ ከጀርባ የምትወጣ ፀሐይ። ሰው የለም፤ ካለም ጀርባውን ሰጥቶ የቆመ አንድ ሰው ብቻ ነው። ከሥሩ የሚጻፈውም ተመሳሳይ ነው፦ ከጫጫታ ራቁ፣ ጸጥታውን አድምጡ፣ ያልተነካ ተፈጥሮ። ሰው ለመሰብሰብ ይተከል የነበረው ድንኳን ከሰው መሸሻ ሆኗል።

በምኞቱ ምንም ክፋት የለም። ሳምንቱን ሙሉ በታክሲ ሰልፍ ሲንገላታ የከረመ ሰው ሁለት ቀን ዝም ያለ ቦታ ቢናፍቅ ማን ይፈርድበታል? እኔን የሚያሳስበኝ ምስሉ ነው። ይህ ሰው አልባ ምስል ከየት መጣ? ሲነሳስ ምኑን ቆርጦ ነው? ጥያቄውን ሰሜን ተራሮች ላይ ማንሳት የፈለግኩት እዚያ መልሱ በመጽሐፍ፣ በሕግና በአንድ መንደር ዕጣ ላይ ተጽፎ ስለሚገኝ ነው።

ከፍሬሙ ውጭ

ደባርቅ ከጎንደር በስተሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኝ ከተማ ናት። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጉብኝት የሚጀምረው ከእሷ ነው። ጽሕፈት ቤቱ ገብታችሁ ትመዘገባላችሁ፣ ትከፍላላችሁ፣ ጠመንጃ የያዘ ስካውት ይመደብላችኋል። ቀጥሎ አስጎብኚ፣ ምግብ አብሳይ፣ በቅሎና ባለበቅሎ ይመጣሉ። ድንኳኑን፣ ፍራሹን፣ ላምባውን፣ ድንቹንና እንቁላሉን የምትሸከመው በቅሎዋ ናት። መጀመሪያ የሚታደረው 3,250 ሜትር ገደማ ላይ ሳንቃ በር ነው። ከዚያ የጅንባርን ፏፏቴ አይቶ 3,600 ሜትር ላይ ወዳለው ግጭ፤ በማግሥቱ እሜት ጎጎ 3,926 ሜትር ላይ ቆሞ ቆላውን ቁልቁል ማየት፤ ከዚያ ጨነቅ። ጉልበት የተረፈው ቧሂትን ተሻግሮ ከ4,500 ሜትር በላይ ወደሆነው ራስ ደጀን ይቀጥላል።

እስቲ ቁጠሩ። ሁለት ጓደኛሞች «ብቻችንን እንደር» ብለው ቢወጡ አብረዋቸው ሦስት አራት ሰው ይወጣል። ሌሊቱ ከዜሮ በታች ወርዶ ሣሩ ላይ ውርጭ ሲጋገር እነሱ ወፍራም የመኝታ ከረጢት ውስጥ ገብተው ያድራሉ፤ ስካውቱ ጋቢውን ተከናንቦ ጠመንጃውን ታቅፎ ያድራል። ገና ሳይነጋ እሳቱን ያነደደ፣ ውሃውን ያመጣ፣ ሻዩን ያፈላ ሰው አለ። ጠዋት ጭላዳዎቹ ከገደሉ አፋፍ ወጥተው ሣሩን እየነጩ ሲቀመጡ ፎቶ ይነሳል። ፎቶው ላይ ጭላዳው አለ፤ ጅብራው አለ፤ ጉሙ አለ። ሻዩን ያፈላው ሰው የለም።

ሥርዓቱ ራሱ መጥፎ አይደለም። ለደባርቅና ለዙሪያው ገጠር እንጀራ ነው፤ ባለበቅሎዎቹም ተራ ይዘው ነው የሚሠሩት። ሥራው እንዲህ በሰው የተሞላ ሆኖ ሳለ ፎቶውና ጽሑፉ ሰው አልባ መሆኑ ግን ሊያስገርመን ይገባል። ፎቶ አንሺው ክፉ ስለሆነ አይደለም ሰውየውን ከፍሬም የሚያወጣው። ተፈጥሮ ማለት ሰው የሌለበት ቦታ ነው የሚል ነገር ሳናውቀው ተምረናል። አስተማሪው ማን ነበር?

ጠባቂው የጻፈው ሰሜን

ከአስተማሪዎቹ አንዱ ክላይቭ ዊሊያም ኒኮል ይባላል። ዌልስ የተወለደ ጀብደኛ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. ከ1967 እስከ 1969 የሰሜን ፓርክ የመጀመሪያው ዋርደን ሆኖ ሠርቷል። እዚያ ያየውን «ፍሮም ዘ ሩፍ ኦፍ አፍሪካ»፣ ከአፍሪካ ጣሪያ እንደማለት፣ በሚል ርዕስ በእንግሊዝኛ ጽፎ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ አሳትሟል።

መጽሐፉን ማጣጣል ቀላል ነው፤ እኔ ግን ማጣጣል አልፈልግም። ኒኮል መጻፍ ይችላል። ብርዱን ታውቁታላችሁ፣ ገደሉ ጫፍ ላይ እግራችሁ ይንቀጠቀጣል። ለዋልያ ያለው ፍቅር እውነተኛ ነው፤ በዓለም ላይ ከሰሜን በቀር የትም የማይገኝ፣ ያኔ በመቶዎች ብቻ የሚቆጠር እንስሳ ዓይኑ እያየ ሲያልቅ መቆጣቱ ይገባኛል።

ችግሩ ያለው መጽሐፉ ለማን የትኛውን ሚና እንደሰጠ ሲታይ ነው። ታሪኩ ጀግና አለው፤ ጠባቂው። የሚያሳዝን ተጎጂ አለው፤ ዋልያና አስታ። ሦስተኛው ሚና የገበሬው ነው፤ እሱም በአብዛኛው የሚታየው እንደ ችግር ሆኖ ነው፦ ዛፍ የሚቆርጥ፣ ቁጥቋጦ የሚያቃጥል፣ ገደል የሚያርስ፣ ዋልያ የሚያድን። ያ ገበሬ ተዳፋቱን ለምን እንዳረሰ፣ ጭሰኛ ይሁን ባለርስት፣ ግብሩ ስንት እንደሆነ፣ ገብሱ ውርጭ ሲመታው ልጆቹ ምን እንደሚበሉ መጽሐፉ ጉዳዬ አይለውም። ገበሬው በትረካው ውስጥ ዳገት አለ፤ ዕዳ ግን የለውም።

ይህ አተያይ ከኒኮል አልጀመረም። እ.ኤ.አ. በ1872 አሜሪካ የሎውስቶንን የዓለም የመጀመሪያው ብሔራዊ ፓርክ ስታደርግ ቦታው ለመዝናኛ ተብሎ ተከለለ፤ ነባሮቹ ሕዝቦች ደግሞ ከዚያ እንዲወጡ ተደረገ። ዛሬ አንድ አሜሪካዊ ቤተሰብ ጸጥ ያለ ሐይቅ ዳር ድንኳን ተክሎ ዓሣ ሲያጠምድ የሚሰማው ሰላም እውነት ነው። ሰው አልባ ተፈጥሮ የሚለው ሐሳብ ግን እንዲህ ካለ ታሪክ ጋር ነው ወደ ዓለም የወጣው። ሐሳቡ እኛ ዘንድ በባለሙያ ሪፖርት መጣ፤ አዋጅ ሆነ፤ አሁን ደግሞ ማስታወቂያ ሆኗል።

ሰሜን በ1962 ዓ.ም. በሕግ ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1978 ዩኔስኮ የመጀመሪያዎቹን 12 የዓለም ቅርሶች ሲመዘግብ ሰሜንና ላሊበላ አብረው ነበሩበት። እ.ኤ.አ. በ1996 ደግሞ ሰሜን «አደጋ ላይ ያሉ ቅርሶች» መዝገብ ውስጥ ገባ። ከመዝገቡ ለመውጣት ከቀረቡት ጥያቄዎች መካከል በፓርኩ ውስጥ ያለውን የሰውና የከብት ጫና መቀነስ ዋናው ነበር። የተወሰኑ መንደሮች ጉዳይ ድንበሩን እንደገና በማስመር ተፈታ፤ በወረቀት ላይ መስመሩ ሲዞር መንደሩ ሳይነቃነቅ ከፓርኩ ውጭ ሆነ። ለግጭ ግን ይህ አልተቻለም። መንደሩ መሐል ላይ ነበርና መስመሩ የሚዞርበት ቦታ አልነበረም።

የተነሳው መንደር

በ2008 ዓ.ም. የግጭ ነዋሪዎች ተነሱ። ከ400 በላይ አባወራዎች ካሳ ተከፍሏቸው ደባርቅ ከተማ ዳር እንዲሰፍሩ ተደረገ። በቀጣዩ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ2017፣ ሰሜን ከአደጋ መዝገብ ወጣ።

ሐቁን ከሁለቱም በኩል ማየት አለብን። ግጭ ላይ የግጦሽ ጫናው ከባድ ነበር፤ ይህን ከውጭ የመጣ ሰው የፈጠረው ወሬ ማድረግ ራስን ማታለል ነው። ከብቱ ከወጣ በኋላ ጓሳው ማገገሙን የሚያይ ሰው ደስ ቢለው ትክክል ነው። በ3,600 ሜትር ላይ ገብስ አርሶ መኖርም የገነት ኑሮ አልነበረም፤ ለወላድ ሐኪም ቤት፣ ለልጅ ትምህርት ቤት ሩቅ ነው።

በሌላ በኩል ደግሞ ገበሬን ከእርሻው አንስቶ ከተማ ዳር ማስፈር የቦታ ለውጥ ብቻ አይደለም። ገብስ የሚያውቅ እጅ ከተማ ውስጥ ምን ይሠራል? የካሳ ገንዘብ አንዴ ይከፈላል፤ እርሻ ግን በየዓመቱ ነው የሚያበላው። በግ አርዶ እንግዳ የሚቀበል ሰው እንቁላል በፍሬ እየገዛ ሲኖር ጎረቤቱ ፊት ምን ይሰማዋል? እነዚህ ጥያቄዎች የተፈጥሮ ጥበቃ ሪፖርት ውስጥ ሠንጠረዥ የላቸውም። ሥነ ጽሑፍ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነበር።

ዛሬ ግጭ ካምፕ ላይ ድንኳን የሚተክል ሰው የሚሰማው ጸጥታ እንግዲህ ዕድሜው ከአንድ ልጅ ዕድሜ አይበልጥም። ከ2008 በፊት እዚያ ጠዋት ዶሮ ይጮህ ነበር፤ ውሻ ይጮህ ነበር፤ ነዋሪው በአብዛኛው ሙስሊም ስለነበር የሶላት ሰዓት ይከበር ነበር። «ያልተነካ» የሚለው ቃል እዚህ ቦታ ላይ ሲጻፍ ስህተቱ የዘመን ስህተት ነው። ቦታው ተነክቷል፤ ከዚያ የነካው እጅ ተነስቷል።

የታሪክ ጸሐፊው መልስ

እ.ኤ.አ. በ2020 ሁለት ነገሮች ተገጣጠሙ። በሚያዝያ ወር ኒኮል ዜግነት በወሰደባት በጃፓን ሞተ፤ እዚያ የተጎዳ ደን መልሶ በማልማት የታወቀና የተከበረ ሰው ሆኖ ነበር። በዚያው ዓመት ፈረንሳዊው የታሪክ ምሁር ጊዮም ብላን «የአረንጓዴ ቅኝ አገዛዝ ፈጠራ» ተብሎ ሊተረጎም የሚችል መጽሐፍ በፈረንሳይኛ አሳተመ፤ እ.ኤ.አ. በ2022 በእንግሊዝኛም ወጣ። የመጽሐፉ ዋና ማሳያ ሰሜን ነው፤ ግጭም አለበት።

የብላን ክርክር በአጭሩ ይህ ነው። ከቅኝ አገዛዝ ዘመን በኋላ አውሮፓውያን ባለሙያዎች አገራቸው ላይ ያጡትን ገነት አፍሪካ ውስጥ ፈለጉት። ገነቱ ውስጥ ገበሬ ሲያገኙ ገበሬውን አጥፊ አሉት። የአውሮፓን ተራራ የሚያርሰው ገበሬ ባህሉን ጠባቂ ተብሎ ሲመሰገን፣ የአፍሪካን ተራራ የሚያርሰው እንዲነሳ ይጠየቃል። ኢትዮጵያ ቅኝ ሳትገዛም ይህ አተያይ በዓለም አቀፍ ድርጅቶች በኩል ገባ፤ መንግሥታችንም ዳር ያለውን ሕዝብ ለመቆጣጠር ተመችቶት ተቀበለው።

ይህን ማንበብ አንድ ኢትዮጵያዊ ወጣት ላይ የሚያደርገው ነገር አለ። ትምህርት ቤት የተማርነውን ትጠራጠራላችሁ። የኢትዮጵያ ደን ከመቶ ዓመት በፊት 40 በመቶ ነበር፤ አሁን ከምንም አይቆጠርም የሚለውን ስንቴ ሰምተናል? ጄምስ ማካንን የመሰሉ የታሪክ ምሁራን ቁጥሩ የረባ ማስረጃ እንደሌለው ካሳዩ ዓመታት አልፈዋል። ቁጥሩ ግን አሁንም በየንግግሩ አለ፤ ምክንያቱም ገበሬውን ጥፋተኛ ለማድረግ የሚመች ቁጥር ነው።

ቢሆንም ብላንን ስጨርስ አንድ ነገር ጎደለኝ። የመጽሐፉ ዋና ማስረጃ የባለሙያ ደብዳቤ፣ ሪፖርትና የቢሮ ፋይል ነው። ስለዚህ አጥብቆ የሚሰማው የሚከሳቸው ሰዎች ድምፅ ነው። ገበሬው ኒኮል ዘንድ ችግር ነበር፤ ብላን ዘንድ ማስረጃ ሆነ። ለገበሬው ሁለተኛው ይሻለዋል፤ አያከራክርም። ግን ማስረጃ መሆንም ሰው መሆን አይደለም። የግጭ ሰው ቀልዱ፣ ኩራቱ፣ ከጎረቤቱ ጋር ያለው የድንበር ጭቅጭቅ፣ ለዋልያ ያለው የራሱ አስተያየት የት አለ? ዋልያን አድኖ የበላም፣ ዋልያን አይቶ የተደነቀም ያው አንድ ሰው ሊሆን ይችላል። ብላን የተቀየረውን ሣር የሚያህል ቦታ ለተሸረሸረው አፈርም ቢሰጥ ክርክሩ ይበልጥ ይጠነክር ነበር፤ ገበሬ አፈሩን ሊጎዳ እንደሚችል ማመን መነሳቱን መደገፍ አይደለምና።

ሁለቱም መጻሕፍት በአማርኛ አልተጻፉም። ኒኮል ለእንግሊዝኛ አንባቢ፣ ብላን መጀመሪያ ለፈረንሳይኛ አንባቢ ነው የጻፉት፤ የሚከራከሩትም በእኛ ገደል ላይ ሆነው ከራሳቸው ጋር ነው። እኛ በአማርኛ በሦስተኛ ወገን መግባት ሲገባን የገባነው በፎቶ መግለጫ ነው። እሱንም ከኒኮል ወስደነው።

መጀመሪያ የተጻፈው ስም

ስለ ሰሜን ከተጻፉት ሁሉ እጅግ ከቆዩት አንዱ አዱሊስ ላይ በግሪክኛ የተቀረጸ የአክሱም ንጉሥ ጽሑፍ ነው። ንጉሡ ስሙ ጠፍቷል፤ ጽሑፉን በ6ኛው ክፍለ ዘመን ኮስማስ የተባለ ተጓዥ ገልብጦ አቆየልን። ንጉሡ ድል ያደረጋቸውን ሕዝቦች ሲዘረዝር ሰሜኖችን ይጠራል፤ ከወንዙ ማዶ፣ ለመድረስ በሚያስቸግር፣ በረዶው ጉልበት በሚያሰምጥ ተራራ ላይ የሚኖሩ ናቸው ይላል። ልብ በሉ፤ ሰሜን መጀመሪያ በጽሑፍ ሲታይ የሕዝብ ስም ሆኖ ነው የታየው። ብርዱም፣ ገደሉም፣ በረዶውም አለ። ግን የሚኖርበት ሰው ነው በመጀመሪያ የተጠራው።

ከዚያ ወዲህም ሰሜን ባዶ ሆኖ አያውቅም። ቤተ እስራኤላውያን ኖረውበታል። ጃን አሞራ ውስጥ ደረስጌ ማርያም በ1847 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ነግሠውባታል፤ ቤተ ክርስቲያኗን ደጃዝማች ውቤ ሲያሠሩ ሥራው ላይ የተሳተፈው ሺምፐር የተባለ ጀርመናዊ ዕፅዋት ሰብሳቢ ነበር። ዛሬ ቢሆን ፎቶው ላይ አበባው ብቻ ይወጣ ነበር፤ ያኔ ግን አበባ ሊሰበስብ የመጣው ሰውዬ የሰዎቹን ቤተ ክርስቲያን ሲያስጌጥ ተገኘ።

ካምፕ ራሱም ለእኛ አዲስ አይደለም። ዐፄ ፋሲል እ.ኤ.አ. በ1636 ገደማ ጎንደርን መቀመጫቸው እስኪያደርጉ ድረስ ነገሥታቱ ለዘመናት በድንኳን ሲዞሩ ነበር የኖሩት። «ከተማ» የሚለው ቃል ራሱ በድሮው አነጋገር የሰፈር፣ የጦር ካምፕ ስም ነበር። ገበሬው ግን የካምፕን ትርጉም በሆዱ ያውቀዋል፦ ድንኳኑ ሲተከል እህሉ ያልቃል። በኋላም የንጉሥ እንግዳ ሆኖ በአገሩ ለሚያልፍ ተጓዥ ድርጎ የሚያቀርበው ገበሬው ነበር። ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ሊማሊሞን ወጥቶ ወደ ጎንደር ሲያልፍም ሆነ ከእሱ በኋላ የመጡት ሲያልፉ፣ የበሉት የአንድ ሰው ጎተራ ነው። ድንኳን ሁልጊዜ የሆነ ሰው ማሳ ላይ ነው የሚተከለው። የዛሬው ካምፐር ከትናንቱ የሚሻለው ይከፍላል፤ ይህ ትልቅ መሻሻል ነው። ቢያንስ እንዳየውም ቢናገር ደግሞ የበለጠ ይሻላል።

እሳቱን ያጠፋው ማን ነው?

በ2011 ዓ.ም. በመጋቢትና በሚያዝያ ሰሜን ተቃጠለ። ጓሳውና አስታው ተያይዞ ቀናት ነደደ፤ እሳቱ ከበረታባቸው ቦታዎች አንዱ የግጭ አካባቢ ነበር። ከኬንያ ሄሊኮፕተር መጣ፤ ከእስራኤል የእሳት ማጥፋት ባለሙያዎች መጡ፤ ዜናው ላይ የቀረው እነሱ ናቸው። ከዚያ በፊትና በዚያው ጊዜ ግን ከደባርቅና ከየገጠሩ በእግሩ ዳገት ወጥቶ በቅጠልና በአፈር እሳት የደበደበ ሕዝብ ነበር።

እዚህ ላይ የሰው አልባው ምስል ሎጂክ ይፈርሳል። ተፈጥሮ ያለ ሰው ራሱን ይጠብቃል ካልን፣ ያን ቀን ማን ይጠራ ነበር? ሣሩ ከብት ሳይበላው ረዝሞ ሲደርቅ፣ በአቅራቢያውም ጭሱን አይቶ የሚሮጥ መንደር ሳይኖር፣ እሳት ምን ያህል ርቀት ይሄዳል? የግጭ መነሳት እሳቱን አመጣው እያልኩ አይደለም። የምለው፣ አደጋ ሲመጣ ሰሜን የሚፈልገው ያንኑ ከፍሬም ያወጣነውን ሰው መሆኑን ነው። የተራራው ሰው ፓርኩን የሚያየው እንደ ጠላት ብቻ ቢሆን ኖሮ ያን ዳገት አይወጣም ነበር።

ሁለት ጸጥታ

አማርኛ ስለ ካምፒንግ የሚያውቀው አንድ ነገር አለ። «ጸጥታ» ስንል የድምፅ አለመኖር ማለታችን ነው፤ «የጸጥታ ሁኔታ» ስንል ደግሞ ጥይት አለመተኮሱ ማለታችን ነው። ካምፐሩ የመጀመሪያውን ፍለጋ ይወጣል። ደባርቅና ዳባት ሁለተኛውን ካጡ ዓመታት ተቆጥረዋል።

በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ጦርነቱ ወደ አካባቢው ሲደርስ ዳባት ወረዳ ውስጥ ጭና በምትባል ቦታ ሰላማዊ ሰዎች ተገደሉ፤ ደባርቅ በተፈናቃይ ተሞላች። ከዚያ ዳባት አቅራቢያ አለምዋጭ ላይ ለኤርትራውያን ስደተኞች መጠለያ ተከፈተ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ ክልሉ ሌላ ጦርነት ውስጥ ገባ። አስጎብኚው፣ ምግብ አብሳዩ፣ ባለበቅሎው እንግዳ ሲጠፋ ምን እንደሚበሉ ማሰብ ለማንም አይከብድም።

እንግዲህ ይህን ካርታ እዩት። ከዳባት እስከ ጨነቅ በአንድ ቀን መኪና ሊደረስ በሚችል ርቀት ውስጥ ድንኳን ስንት ነገር ሆኗል? የቱሪስት ድንኳን፣ የተፈናቃይ ድንኳን፣ የስደተኛ ድንኳን፣ የወታደር ድንኳን፣ የለቅሶ ድንኳን። ሁሉም ሸራ ነው፤ ሁሉም በካስማ ነው የሚተከለው። «ካምፕ» የሚለውም ቃል ለብዙዎቹ ያገለግላል። አንድ ልጅ እዚያ አካባቢ «ካምፕ አደርኩ» ቢል የትኛውን ማለቱ እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል። በእንዲህ ያለ አገር ድንኳንን የብቸኝነትና የመንፈስ እድሳት ምልክት ብቻ አድርጎ መጻፍ የሚቻለው ዓይንን ጨፍኖ ነው።

ምን ይጻፍ?

«እና ታዲያ ካምፒንግ አንውጣ?» የሚል ይኖራል። ውጡ እንጂ! መንገዱ ሰላም ሲሆን ውጡ፤ ደባርቅ ትጠብቃችኋለች። የምጠይቀው ስለ አጻጻፋችን ነው፤ እሱም ከባድ አይደለም።

በቅሎዋን የነዳውን ሰው ፈቃዱን ጠይቃችሁ ፍሬም ውስጥ አስገቡት፤ ካልፈቀደ ደግሞ ቢያንስ ጽሑፉ ውስጥ ይኑር። የደከማችሁበት ዳገት ለእሱ የገበያ መንገድ እንደሆነ ጻፉ። ግጭ ስትደርሱ መንደሩ የት ጋ እንደነበር ጠይቁ፤ የሚያሳያችሁ ሰው አይጠፋም፤ ምናልባትም ስካውታችሁ ራሱ ዘመድ ነበረው። «ያልተነካ» የሚለውን ቃል ተዉት። አማርኛ ለዚህ የተሻሉ ቃላት አሉት፦ የተከለለ፣ የተጠበቀ፣ የተለቀቀ፣ የተነሱበት። እያንዳንዳቸው ውስጥ አድራጊ አለ፤ አንባቢው ማን ከለለው፣ ማን ተነሳ ብሎ ይጠይቃል።

እንዲህ ያለ ጽሑፍ ውበቱ ይቀንሳል የሚል ካለ አልስማማም። እሜት ጎጎ ላይ ቆሞ ቁልቁል የሚታየው ነገር ሰው ስለተጨመረበት አይደበዝዝም። እንዲያውም ያ ሁሉ ገደል ሰዎች ወጥተው ወርደው፣ አርሰው፣ ቀብረው፣ ድረው የኖሩበት መሆኑን ስታስቡ ነው ከፍታው በደንብ የሚገባችሁ። ኒኮል ዋልያውን አሳየን፤ ብላን ፋይሉን ከፈተልን። የግጭ ሰው ጠዋት ከቤቱ ሲወጣ ያንን ገደል እንዴት ያየው እንደነበር የሚነግረን ጽሑፍ ይቀረናል። የሚያስታውሱት ሰዎች ዛሬ ደባርቅ ዳር ይኖራሉ፤ ቋንቋቸውም የምናነብበትና የምንጽፍበት አማርኛ ነው።